ሁለት መኪና በአንድ ሽማግሌ ፊት

ባሌና እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳራችን ሽማግሌ ፊት የቀረብነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በመኪና ጉዳይ። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ። እኔ በዚያ ሰሞን እንኳን ልስቅ፣ ከሰውዬው ጋር በአንድ ሳህን መብላት አስጠልቶኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር የምንኖርበት ሕንፃ ትንሽ ግቢ አለው፤ ኮርቲሌ የምንለው። ብስክሌቱና የቆሻሻ ገንዳው ከያዘው የተረፈው ቦታ ስድስት መኪና ያቆማል። እኛ ሁለት እናቆም ነበር፤ የእሱን ጀርመንና የእኔን ጣሊያን። ታዲያ አንድ ቀን አዲሱ የሕንፃው አሚኒስትራቶሬ፣ አስተዳዳሪው ማለቴ ነው፣ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ። ከመጪው ወር ጀምሮ ለአንድ ቤት አንድ መኪና ብቻ ይላል። መንገድ ላይ አቆማለሁ የሚል ካለ ይሞክራት! የከተማው ጎረምሳ ሁሉ ሊጠጣ የሚመጣው እኛ ሰፈር ነው፤ ከቀትር በኋላ መርፌ የሚያስቀምጡበት ቦታ አይገኝም። ስለዚህ አንደኛዋ መሄድ አለባት። ባሌ ወረቀቱን አንብቦ እንኳ ሳይጨርስ፣ «በቃ ያንቺን እንሸጣታለን፤ የሚገዛት ከተገኘ» አለ።

ያቃጠለችኝ «የሚገዛት ከተገኘ» ያላት ነገር ናት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አሮጊቶች ናቸው፤ ሁለቱም ከትዳራችን በዕድሜ ይበልጣሉ። የእሱ ጥቁር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ በኋላ ጎማዋ የምትገፋ፣ ነዳጅ ሲረግጧት ጀርባን ከመቀመጫው ጋር የምታጣብቅ ናት። መሪዋ በአንድ ጣት ይዞራል። የእኔ ቀለሟ ወተት የበዛበት ቡና ነው፤ ሞተሯ አንድ ነጥብ ስድስት፤ መሪዋ ደግሞ በጉልበት የሚዞር ነው፤ እሷን ማቆም ክንድ ያወጣል። ታንጀንዚያሌ፣ ማለቴ ከተማውን የሚያቋርጠው ፈጣን መንገድ ውስጥ ስገባ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጬ ጸሎት እጨምርበታለሁ። ነገር ግን ቀላል ናት፤ ኩርባ ላይ ጎማዋ ምን እንደረገጠ በእጄ ትነግረኛለች። በሮም አሮጌ ድንጋይ ንጣፍ ላይ ጀርመኗ ስትንገጫገጭ የእኔ እየተወዛወዘች ታልፈዋለች።

«ከዜሮ እስከ መቶ ያንቺ ስንት ሴኮንድ ይፈጅባታል?» ይለኛል።

«ከሆስፒታል እስከ ቤት ያንተ ስንት አሮጊት ታሳምማለች?» እለዋለሁ።

ቀልድ ይመስላል እንጂ እንጀራዬ ነው። ከዚያች መኪና በፊት ፊሳ ነበርኩ፤ ፊሳ ማለት የምትጦሪያት አሮጊት ቤት ውለሽ የምታድሪ ሠራተኛ ነው። በሳምንት ስድስት ሌሊት በሰው ቤት አድሬ የራሴን አልጋ የማየው እሑድ ነበር። እንዲህ ሆኜ ሰባት ዓመት። የመጨረሻዋ ሲኞራ ሲያርፉ ልጃቸው፣ «እማማ ለአንቺ ይሁን ብላለች» ብላ ጋራዥ ውስጥ ከቆመችው የአባቷ መኪና ጋር ቁልፉን ሰጠችኝ። ፓተንቴዬን፣ መንጃ ፈቃዴን፣ ያወጣሁት ያኔ ነው፤ በአርባ አንድ ዓመቴ። የጽሑፉን ፈተና ባንዴ አለፍኩ። አባቴ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ ፍሬኑም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ካምቢዮውም፣ ማርሚታውም ጣሊያንኛ መሆኑን ያወቅሁት ሮም መጥቼ ነው እንጂ ቃሉን በልጅነቴ ጠግቤዋለሁ። በመንዳቱ ፈተና ግን ሁለቴ ወደቅሁ። ባሌ ለማኅበርተኞቹ ሁሉ አወራው። በሦስተኛው አለፍኩ፤ ይህን ግን ለማንም አላወራም።

ከዚያ በኋላ አሮጊቶችን ወደ ሐኪም ማመላለስ ጀመርኩ። ቪዚታ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ አላቸው፤ ልጆቻቸው ሥራ ላይ ናቸው፤ እኔ ከቤት አውጥቼ፣ ወረፋ አስይዤ፣ ቤታቸው እመልሳቸዋለሁ። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ እተኛለሁ። መኪናዋ ከተሸጠች ተመልሼ ፊሳ መሆኔ ነው። ባሌን ደግሞ ሜትሮ ሲ የሚባለው ባቡር የሚሠራበት መጋዘን አጠገብ ያደርሰዋል። ግን በጀርመን መኪና መሄድ አለበት ጌታው! «እንግዲያው ጀርመኗን ስጠኝና እኔ ልሥራባት» ብዬው ነበር። «እሷን አንቺ አትችያትም» አለኝ። ቁልፏን አንድ ቀን ጨብጬ አላውቅም።

ሳምንት ተኳረፍን። በመጨረሻ እኔ ራሴ፣ «ሽማግሌ ይየን» አልኩ። ሽማግሌ ሦስት መሆን ነበረበት፤ ሮም ላይ ግን ትርፍ ጊዜ ያለው አንድ ሽማግሌ ከተገኘም ተመስገን ነው። የተገኙት የማኅበራችን አባት ናቸው። አስመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ ከአስመራ ምጽዋ ቁልቁለት በተሳቢ መኪና ሃያ ምናምን ዓመት የተመላለሱ ሰው ናቸው። አሁን ከሮም ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ፣ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ትተዋል። ባሌ በደስታ ተቀበለ፤ «ሹፌር የሹፌርን ያውቃል» ብሎ። እኔስ ምንድን ነኝ?

ሁለታችንንም በስልክ በየተራ አዳመጡን። ከዚያ፣ «ልጆቼ፣ መኪና በአፍ አይዳኝም» አሉን። «የፊታችን እሑድ ማኅበሩ እናንተ ቤት ነው፤ ጽዋውን የምንረከበው ደግሞ እኛ ነን። ቤታችን ስታደርሱን ግማሹን መንገድ በእሱ መኪና፣ ግማሹን በእሷ እሄዳለሁ። ከዚያ እፈርዳለሁ። ፍርዴን ትቀበላላችሁ?»

«እንቀበላለን አባባ» አልን፤ ያኔ ብቻ በአንድ አፍ ተናገርን።

እሑድ ማኅበሩ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ጸሎት ተደረገ። ጽዋው ደንብ አለው። የወሩ ባለተራ ከአስተናጋጁ ቤት ጽዋውን ጠላ እንደተሞላ፣ በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ተረክቦ ቤቱ ያስገባዋል። አገር ቤት ጎረቤት ስለሆነ በእግር እየተዘመረ ነው የሚሸኘው። እዚህ በአውራ ጎዳና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው። የሽማግሌው ባለቤት፣ እማማ የምንላቸው፣ ጽዋውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ከጀርመኗ ኋላ ተቀመጡ። አባባ ከፊት። እኔ በጣሊያኗ ብቻዬን ተከተልኳቸው።

እስኪ ምን ነበረበት ቀስ ቢል? የለም! ሹፌር አጠገቡ ተቀምጧላ! ታንጀንዚያሌ ላይ ገና እንደገባን ጀርመኗ ተስፈንጥራ ሄደች፤ እኔ ነዳጁን ወለሉ ድረስ ረግጬም ጥቁር ነጥብ ሆነችብኝ። ፍላሚንያ መንገድ ላይ ደረስኩባት፤ ያውም መብራት ይዟት። አረንጓዴ ሲሆን እንደገና በረረ። ቀጥሎ ያየሁት ሁለቱ የፍሬን መብራቶቿ ቦግ ሲሉ ነው። ከፊቱ አውቶቡስ ቆሟል። ጀርመኗ፣ የሰጠኋትን ልስጣትና፣ መስመሯን ሳትለቅ ቀጥ ብላ ቆመች። መኪናዋስ ቆማለች፤ ጽዋው ግን አልቆመም።

በተቀጣጠርንበት ነዳጅ ማደያ ደርሼ ስወርድ እማማ ከመኪናው ወጥተው ነጠላቸውን እያራገፉ ነው። ጠላው ከደረታቸው እስከ ጫማቸው ወርዷል።

«በስመ አብ! በስመ አብ!» ይላሉ። «እኔ ይህን ጽዋ ሃያ ዓመት ስሸከም ጠብታ አፍስሼ አላውቅም!»

«አውቶቡሱ ነው እማማ... ድንገት...» ይላል ባሌ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አባባ ቀና ብለው ስላዩኝ ዋጥኩት። ደስታዬን ግን እንዴት ልዋጥ? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የእማማ ነጠላ ተበላሽቶ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ጽዋው ግማሽ ሆኗል፤ የኋላ ኮፈኔ ውስጥ ለእነሱ የጫንኩት የጠላ ጀሪካን ስለነበረ በላዩ ሞሉበት።

ተራው የእኔ ሆነ። አባባ ከፊት፣ እማማ ከኋላ ጽዋቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ካስቴልኑቮ ኮረብታ አናት ላይ ናት፤ ኩርባው ብዙ ነው። አንድ ነጥብ ስድስት ሞተር አራት ሰው ባይጭንም ዳገት አይወድም። ኩርባው ጋ ሳልደርስ ማርሽ እቀንሳለሁ፤ ውስጡ ፍሬን አልነካም፤ ስወጣ ቀስ አድርጌ እሰጣታለሁ። ወገቧ የተሰበረ አሮጊት ስትጭኚ የምትማሪው ነገር ነው፤ ፍሬን መያዝሽ ለሴትየዋ መሰማት የለበትም። አንድ ቦታ ላይ ሞተርሳይክል ኩርባውን ስቶ ወደ እኛ መጣ፤ መሪውን በሁለት እጄ ሳብ አድርጌ ወደ ዳር አስጠጋኋት፤ ጣሊያኗ ታዘዘችኝ። አባባ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው ብቻ ይሰማሉ።

በራቸው ላይ ስቆም እማማ ጨርቁን ገለጥ አድርገው አዩ። ጠላው ከንፈሩ ድረስ እንዳለ አለ። «ጠብታ! ጠብታ አልወጣም! ተባረኪ ልጄ!» አሉና ጽዋውን ይዘው ገቡ። እኔ ወርጄ ተከትሎን የደረሰውን ባሌን ከእግር እስከ ራሱ አየሁት። ሽንፈቱ በፊቱ ላይ ተጽፏል።

«እሺ አባባ፣ ይፍረዱ» አልኩ፤ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ።

«ምኑን?» አሉኝ። «እኔ እስካሁን ያየሁት ሁለት ሹፌር ነው። የሹፌር ጥፋት በመኪና አይላከክም፤ የሹፌር ሙያም ለመኪና አይመረቅም። አሁን ቁልፍ ተለዋወጡ። ታች ዋናው መንገድ ወርደን እንመለሳለን።»

ባሌ ቁልፉን ሲያቀብለኝ ጣቶቹ አልላቀቅ አሉ፤ ጎተትኩት።

ጀርመኗ ውስጥ ገብቼ መቀመጫውን ወደፊት ሳስጠጋ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠላኋት። ጥላቻዬ የቆየው ግን እስከ ሁለተኛው ኩርባ ነው። ወይ ጉድ! ፍሬኗ እግር ሲያርፍበት ብቻ ለስለስ ብሎ ይይዛል፤ በበዛ ቁልቁለት እንኳ አፍንጫዋን አትደፋም። ከባድ ናት፤ ግን ክብደቷ መንገዱ ላይ ያስቀምጣታል። እንዲህ ያለች መኪና ይዞ ነው ጽዋ የደፋው? ዋናው መንገድ ላይ ትንሽ ሰጠኋት፤ ሳትጮህ፣ ሳትንቀጠቀጥ ሄደችልኝ። ከአባባ ጎን ተቀምጬ ሳላስበው ሳቅሁ።

«አቃተችሽ?» አሉኝ።

«ኧረ አባባ፣ እንኳን ልታቅተኝ!»

ስንመለስ ባሌ በጣሊያኗ ከኋላችን ነው። ከመንደሩ መግቢያ ላይ ቀጥ ያለ ዳገት አለ፤ ጫፉ ላይ በግንብ መካከል ይታጠፋል። እኔ አለፍኩ። በመስታወት ሳይ ጣሊያኗ መታጠፊያው ላይ ቆማለች። ሞተሩ ጠፍቶበታል። አስነሳ፤ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፤ እንደገና ጠፋ። ከኋላው ሦስት መኪና ተሰልፎ ክላክስ ያምባርቃል። አንዱ ጣሊያናዊ በመስኮት ወጥቶ እጁን እያወናጨፈ ስለ እናቱ የሆነ ነገር ይለዋል። መኪናዋን አቁሜ ልወርድ በሩን ከፈትኩ።

«ተቀመጪ» አሉኝ አባባ። «ይማር።»

መሪው በአንድ ጣት እንደማይዞር ያወቀው ያኔ ነው። በሁለት እጁ ተንጠልጥሎበታል። የእጅ ፍሬኑን ይዞ፣ በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ፣ በአራተኛው ሙከራ አወጣት። ግቢያቸው ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

አባባ በረንዳቸው ላይ አስቀመጡንና ደንባቸውን ነገሩን። ማንም ስለ ራሱ መኪና አይናገርም፤ ስለ ባላንጣው መኪና ያየውን እውነት ብቻ ይመሰክራል። «ጀምሪ» አሉኝ።

መቼም ሽማግሌ ፊት አይዋሽም። «ጀርመኗ ትበልጣለች» አልኩ። ምላሴ ላይ እንደ ግራዋ መረረኝ። «ጉልበቷም፣ ፍሬኗም፣ መንገድ አያያዟም ይበልጣል። ኩርባ ላይ የእኔ ቀልጠፍ ትላለች፤ ግን አንድ ቀን በእርጥብ መንገድ ፊቴ ሰው ዘው ቢል፣ አሮጊት ጭኜ ብሆን... ጀርመኗን ነው የምመርጠው።»

ባሌ ዞሮ አየኝ። ይህን አልጠበቀም።

«አንተስ?» አሉት አባባ።

እጁን አየ። «ደካማ ናት አባባ» አለ። «መሪዋ ድንጋይ ነው። ዳገት አትወድም። ፍሬኗን ሁለቴ ካልረገጡት አይይዝም።» እኔ ልነሳ ስል ቀጠለ። «እኔ እስከ ዛሬ መኪናዋ ቀላል መስላኝ ነበር። እሷ በዚህች መኪና በየቀኑ ሮምን ትዞራለች፤ ያውም በሽተኛ ጭና። መኪናዋ አይደለችም ደህና የምትሄደው። እሷ ናት።» ቀና ብሎ አላየኝም። «እኔ አልችልም፤ አሁን አየኋት እኮ፣ አልቻልኩም።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ሁለቴ መውደቄን ለስንቱ ያወራ አፍ! እንባዬ መጣ፤ ሰው አየኝ አላየኝ አላልኩም፤ በነጠላዬ ጠረግሁት።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አሎራ» አሉ፤ ፍርድ ሲሰጡም ይህችን የጣሊያን «እንግዲህ» አይተዉም። «ቦታው የእሷ ነው። ሥራዋ በጎማ ነው፤ የአንተ ሥራ በባቡር ይደረስበታል። የትኛዋን እንደምታቆምበት የምትመርጠውም እሷ ናት። ምረጪ ልጄ።»

«ጀርመኗን» አልኩ።

ባሌ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሳቀ! እማማ ከውስጥ «ምን ተባለ? ምን ተባለ?» እያሉ ወጡ። ጣሊያኗ እነሱ ግቢ በለስ ዛፍ ሥር ትቁም ተባለ፤ አባባ በየሳምንቱ ሞተሯን ሊያስነሱላት ቃል ገቡ፤ እማማ «እሱማ መሪ ለመጨበጥ ሰበብ ሲፈልግ ነው!» አሉ። ጽዋው ገብቷል፣ ሰላም ወርዷል፤ እራት በልተን ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነሳን።

ቁልፉን ይዤ ወደ ሹፌሩ በር ስሄድ ባሌ እንደ ልማዱ ወደዚያው ነበር የመጣው። ቆመ። በመኪናዋ አፍንጫ ዞሮ በሌላው በር ገባ። ቁልቁለቱን ስንወርድ በየኩርባው ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ የሌለ ፍሬን ይይዛል። ፍላሚንያ ስንደርስ መርገጡን ተወ። ታንጀንዚያሌ ውስጥ ገብተን መንገዱ በመኪና ሲጨናነቅ፣ «የሜትሮ አቦናሜንቶ፣ የወር ካርዱን፣ ነገ ማውጣት አለብኝ» ሲለኝ «እናወጣለን፣ ቫ ቤኔ፣ እሺ» አልኩት። ዘወር ብዬ ሳይ ተኝቷል።

ይህ ሰው ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ አያውቅም። ከአገር በወጣንበት ሌሊት እንኳ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ፓይለቱን ይጠብቅ ይመስል ሲያፈጥ ነው ያደረው። አሁን አንገቱ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሎ፣ አፉ ተከፍቶ፣ በእኔ እጅ ተኝቷል። ሬዲዮውን አጠፋሁት። ሰፈራችን ስንደርስ ወደ ግቢው አልገባሁም፤ አንድ ዙር ጨመርኩለት፣ ከዚያ ሌላ ዙር። እልል ልል አምሮኝ ነበር፤ እንዳይነቃብኝ ብዬ ተውኩት።